ስለ ሥራ አገናኝና ስለ ደጅ ጥናት

በቀድሞው ዘመን ሹመት ወይም እንጀራ የሚሻ ሰው በጌታው ደጅ ጧትና ማታ ይጠና እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ጌታውንም ለማየት አስቀድሞ አጋፋሪውን መወዳጀት ያስፈልግ ስለ ነበረ፥ እጅ መንሻ ያቀርብለት፥ የልጆቹንም ደኅንነት ይጠይቀው ነበር። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤት የአጋፋሪውን ቦታ የያዘው፥ ለአሠሪው ሰው መርጦ የሚያቀርበው ሥራ አገናኝ ነው። ደጁም ስልክና ኢሜይል ሆኗል። የቤተ ሰቦቻችን ልማድ ግን ገና በቀድሞው ደጅ ቆሞ ስለ ቀረና ልጆቻችን ስለሚጎዱበት፥ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

አስቀድሞ ይህ ሰው ለማን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። ዋጋውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። በ1989 ዓ.ም. በጄኔቭ በዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ የወጣው 181ኛው ስምምነት፥ ከጥቂት ልዩ ነገር በቀር የግል ሥራ አገናኝ ከሠራተኛው በግልጽም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ እንዳይቀበል በ7ኛው አንቀጽ ይከለክላል፤ አገራችንም በ1991 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። እንግዲህ መማለጃ የሚልክ አባት ልጁን ያስጠረጥረዋል እንጂ አያስቀጥረውም። ደግሞም አገናኙ ዝም ቢል ጠልቶን ነው ማለት አይገባም፤ ብዙ ጊዜ አሠሪው ለእርሱም መልስ አልሰጠውም።

የእኅታችን ልጅ ሒሳብ ተምሮ ሥራ ሲፈልግ፥ አንድ አገናኝ ሁለት ጊዜ ለፈተና አቀረበው። ለሦስተኛው ቀጠሮ ሳይደርስ በሌላ ስፍራ ተቀጠረ፤ ኀፍረት ይዞትም ሳይናገር ቀረ። አሠሪው ተቀምጦ ሲጠብቅ አገናኙ ዋሸ ተባለ። ከአምስት ወር በኋላ የልጁ ሥራ ተዘጋ።

ወደ እኛ መጥቶ «ጋሼ፥ አሁን ምን ብዬ ልጻፍለት?» አለን። እናቱ አምስት ኪሎ ማር ገዝታ ልትሄድ ተነሥታ ነበር፤ እኛ ከለከልናት። ልጁም ዘመድ ሞቶብኝ ነበር ብሎ መጻፍ ጀምሮ ነበር። (በዚህ አገር ቀጠሮ ለቀረ ሰው ሁሉ አንድ ዘመድ ይሞትለታል።) ያንን አስቀድደን እንዲህ አስጻፍነው፦ «በዚያ ቀን የቀረሁት በሌላ ቦታ ስለ ተቀጠርሁ ነው። አስቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ በአሠሪውም ፊት አሳፈርሁዎ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ያ ሥራ አሁን አልቋል። በአምስቱ ወር የግብር ሒሳብ መሥራት ተምሬአለሁ፤ የሚስማማ ቦታ ቢገኝ ያስቡኝ።»

ከፈተና በኋላ በማግሥቱ ማመስገን፥ ሌላ ቦታ ሲገኝ ሳይፈርሙ መናገር፥ የተለወጠ ነገር ሲኖር ብቻ መጻፍ ይበቃል። በየቀኑ መደወል ግን በቀድሞው ደጅ ቢያስመሰግንም ዛሬ ያሰለቻል።

በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ፦ «አሁን ቦታ የለም። በጥር ወር ጻፍልኝ።» እናቱ አዘነች፤ እኛ ግን ደስ አለን፤ ለማይፈልጉት ሰው ወር አይቈረጥለትምና። ልጁም በቀን መቁጠሪያው ላይ ጥርን አስምሮበታል። ማሩንም እኛው በልተነዋል።