«ኃይለኛ ውሻ አለ»፦ አደገኛ የሚባል ዝርያ በእርግጥ አለን?

በአዲስ አበባ የግቢ በሮች ላይ ተጽፈው ከምናያቸው ማስጠንቀቂያዎች መካከል «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለውን ያህል የተለመደ አይገኝም ለማለት ይቻላል። ይህን አንብቦ በሩን የሚያንኳኳ ሰው በአእምሮው የሚስለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ደረቱ የሰፋ፣ ጭንቅላቱ የገዘፈ፣ ጠጉሩ ያጠረ። ከበሩ ጀርባ ያለችው ግን አንዲት ቀጭን የሰፈር ውሻ ልትሆን ትችላለች። ለመሆኑ ይህ የ«አደገኛ ውሻ» ምስል ከየት መጣ? ምን ያህሉስ በማስረጃ የተደገፈ ነው?

ጉዳዩ የውሻ ወዳጆች የቡና ወሬ ብቻ አይደለም። ብዙ አገሮች ይህንኑ ምስል ተከትለው ሕግ አውጥተዋል። ከእነዚህም በይበልጥ የሚታወቀው ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣችው የአደገኛ ውሾች ሕግ ነው። ሕጉ ፒት ቡል ቴሪየርን፣ የጃፓኑን ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖንና ፊላ ብራዚሌይሮን በስም ጠቅሶ አገደ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አንድ ውሻ ከእገዳው ሥር የሚወድቀው በሠራው ጥፋት ሳይሆን በአካል ቅርጹ ተለክቶ መሆኑ ነው። ማንንም ነክሶ የማያውቅ ውሻ እንኳ የጭንቅላቱ ቅርጽና የደረቱ ስፋት ከፒት ቡል መግለጫ ጋር ከተቀራረበ ባለቤቱ ፍርድ ቤት ይቆማል። ኤክስ.ኤል ቡሊ የሚባለው ግዙፍ ውሻም በ2023 ማብቂያ ላይ ከተከለከሉት ጋር ተደምሮ፣ ከፌብሯሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ልዩ የምስክር ወረቀት እርሱን ማሳደር ወንጀል ሆኗል።

ታዲያ እገዳው የታለመለትን ውጤት አስገኘን? በእንግሊዝ በውሻ ተነክሰው ሆስፒታል የሚተኙ ሰዎች ቁጥር በ1998 ከ100,000 ሰው 6.34 የነበረ ሲሆን በ2018 ወደ 14.99 ከፍ ብሏል። ይህ አኃዝ ብቻውን ሕጉ ከሽፏል ለማለት አያበቃንም፤ የውሾች ብዛትና የሆስፒታሎች አሠራር በሃያ ዓመት ውስጥ ሊለወጥ ይችላልና። ሆኖም ጥቂት ዝርያዎችን ለይቶ በማገድ ብቻ ንክሻ እንደማይገታ ያመለክታል። ኔዘርላንድስ በ1993 የጣለችውን የፒት ቡል እገዳ በ2008 ለመሻር የወሰነችው የንክሻው ቁጥር ባለመቀነሱ ነበር። ጣሊያንም የአደገኛ ዝርያዎች ዝርዝሯን በ2009 ሰርዛ ኃላፊነቱን በባለቤቱ ላይ አድርጋለች።

ተፈሪው ውሻ ይለዋወጣል

የፍርሃቱ ታሪክ ራሱ አስተማሪ ነው። ዛሬ ፖሊስ የሚመካበት ጀርመን ሼፐርድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከተኩላ የማይለይ አውሬ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «ጀርመን» የሚለው ቃል በመጠላቱ በብሪታንያ ስሙ እንኳ ተለውጦ «አልሴሽን» ተባለ። አውስትራሊያ ደግሞ ዲንጎ ከሚባለው የዱር ውሻዋ ጋር ተዳቅሎ በጎችን ይፈጃል በሚል ስጋት በ1929 ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለችው። የሚገርመው፣ በዚያው በ1929 በአሜሪካ ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾችን የሚያሠለጥነው «ሲኢንግ አይ» የተባለ ድርጅት ሲመሠረት ሥራውን የጀመረው በዚሁ ዝርያ ነበር። ከዚያ በኋላ ዶበርማን፣ ሮትዋይለርና ፒት ቡል በየተራቸው የፍርሃቱን ወንበር ተረክበዋል።

አኃዝ እንዴት ያሳስታል?

ዝርያን የሚከሱ ሰዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት አንድ ጥናት አለ። በአሜሪካ ከ1979 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት ሰው የገደሉ ውሾችን ዝርያ የመዘገበ ሲሆን፣ ዝርያቸው ከታወቀው 238 የሞት አደጋዎች ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የፒት ቡል ዓይነት ውሾችና ሮትዋይለሮች ተገኝተዋል። አኃዙ የሚያስደነግጥ ነው። ነገር ግን የይሁንታ ስሌት የተማረ አንባቢ ወዲያውኑ አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባዋል፦ አካፋዩ የት አለ?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንዲት ከተማ 1,000 ውሾች አሉ እንበል፤ 600ዎቹ የአንድ ዝርያ፣ 400ዎቹ የልዩ ልዩ ዝርያዎች ናቸው። በዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት፣ ከሌሎቹ አራት ሰው ነከሱ። ጋዜጣው «ከንክሻዎቹ 60 በመቶው የዚህ ዝርያ ነው» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም። ይሁንና አንድ ውሻ የመንከሱ ዕድል በሁለቱም ወገን እኩል አንድ በመቶ ነው። «የነከሰው ውሻ የዚህ ዝርያ የመሆን ዕድል» እና «የዚህ ዝርያ ውሻ የመንከስ ዕድል» ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጥናቱ አዘጋጆችም ይህንን ገደብ ራሳቸው ጠቁመው ነበር፤ ይህ ማሳሰቢያ ግን እንደ አኃዙ አልተሰራጨም።

ሌላም ችግር አለ። የውሻውን ዝርያ የሚናገረው ማን ነው? በ2015 በፍሎሪዳ በተደረገ ጥናት የመጠለያ ሠራተኞች ካዩአቸው 120 ውሾች 62ቱን የፒት ቡል ዓይነት ናቸው ብለው ለዩ። የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ግን የዝርያውን ደም ያገኘው በ25ቱ ብቻ ነበር። ዕለት ተዕለት ከውሻ ጋር የሚውሉ ባለሙያዎች ይህን ያህል ከተሳሳቱ፣ በድንጋጤ ላይ ያለ የዓይን ምስክር ምን ያህል ሊታመን ይችላል?

በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ሰፊ ጥናት ደግሞ ከ18,000 በላይ የውሻ ባለቤቶችን መልስና የ2,155 ውሾችን የዘረ መል ቅደም ተከተል አጣምሮ መረመረ። በውጤቱም ዝርያ በውሾች መካከል ከሚታየው የባህርይ ልዩነት ሊያስረዳ የሚችለው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ውሻው ምን ያህል በቀላሉ ይቆጣል የሚለው ደግሞ ከዝርያ ጋር ደካማ ዝምድና ካሳዩት ባህርያት አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንዳንድ የውሻ ወዳጆች ከማስረጃው አልፈው «ዝርያ ምንም ለውጥ የለውም» ሲሉ ይሰማሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። 9 በመቶ ዜሮ አይደለም። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት የዝርያዎችን አማካይ ባህርይ እርስ በርስ ሲያነጻጽር ከዘረ መል ጋር ጉልህ ዝምድና አግኝቷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአካል ግዝፈት አለ። በ2008 በባለቤቶች መጠይቅ ላይ የተመሠረተ ጥናት በሰው ላይ ቁጡ ከሆኑት ተርታ ያስቀመጠው ዳክስሁንድን፣ ቺዋዋንና ጃክ ረስል ቴሪየርን ነበር። ሆኖም ቺዋዋ ቢነክስ ቁስሉ በፋሻ ይታሸጋል፤ 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ ቢነክስ ግን ውጤቱ ሞት ሊሆን ይችላል። የግዙፍ ውሻ ባለቤት ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ቢጠየቅ ፍትሐዊ ነው፤ ስለ ውሻው ጠባይ ሳይሆን ስለ ክብደቱ።

ሰንሰለቱና ቡችላው

ከ2000 እስከ 2009 በአሜሪካ በውሻ ንክሻ የደረሱ 256 የሞት አደጋዎችን አንድ በአንድ የመረመረ ጥናት በ2013 ታትሟል። በ87.1 በመቶዎቹ ሊያስጥል የሚችል ጤነኛ ሰው በአካባቢው አልነበረም፤ በ84.4 በመቶዎቹ ውሾቹ አልተኮላሹም ወይም አልመከኑም፤ በ76.2 በመቶዎቹ ውሾቹ ከሰው ጋር መልካም ግንኙነት ሳይኖራቸው ተነጥለው የሚኖሩ ነበሩ። ከአምስቱ በአራቱ አደጋዎች አራትና ከዚያ በላይ እንዲህ ያሉ ምክንያቶች ተደራርበው ተገኝተዋል።

መነጠል ለምን እንዲህ ይጎዳል? በ1961 የታተመ አንድ ታዋቂ ሙከራ መልሱን ይጠቁማል። ተመራማሪዎች ቡችሎችን በታጠረ ሜዳ ውስጥ አሳድገው ከሰው ጋር በተለያየ ዕድሜ አገናኟቸው። እስከ 14 ሳምንት ድረስ ሰው ያልቀረባቸው ቡችሎች በኋላ ቢለማመዱም እንደ ዱር እንስሳ ሰውን የሚሸሹ ሆነው ቀሩ። ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላ ሰውን እንደ ወዳጅ የሚለምድበት ወቅት መሆኑ ዛሬ በሰፊው የታወቀ ነው።

በአገራችን ከተሞች የተለመደው የውሻ አያያዝ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ያሳስባል። ቡችላው ገና በለጋነቱ ይታሰራል፤ ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት በግቢ። ከቤተሰቡ በቀር ሰው አያይም፤ የሚያየውም እንግዳ ድንጋይ ለማንሣት የሚያጎነብስ ነው። ከዓመት በኋላ ጀርመን ሼፐርዱ አላፊ አግዳሚውን ለመብላት ሲዘል «ዝርያው ነው» ይባላል። የሰፈሩ ውሻም በተመሳሳይ አያያዝ ተመሳሳይ ጠባይ ማሳየቱን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

በእርግጥ በኢትዮጵያ ውሻን መፍራት ሌላ ጠንካራ መሠረት አለው፤ እርሱም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ቫይረሱ ግን ዝርያ አይመርጥም። ስርጭቱን ለመግታት የሚያስፈልገው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። የተነከሰ ሰውም ውሻው ትልቅ ሆነ ትንሽ፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላልና።

ግዙፍ ውሻ የሚያሳድግ ሰው የጎረቤቱን ፍርሃት በክርክር ለማስወገድ መሞከሩ ብዙ አይጠቅመውም። «አይነክስም፣ አትፍራ» እያለ ውሻውን ወደ ፈራ ሰው ማስጠጋት ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ውሻውን በአጭር ማሰሪያ ይዞ መንገድ መልቀቅ፣ ሰው በጠባብ መተላለፊያ ሲመጣ ማስቀመጥ፣ የክትባት ወረቀቱን ለጎረቤት ማሳየት የተሻለ ይሠራል። ሕፃናት ባሉበት ደግሞ የቱንም ያህል ለማዳ ቢሆን ያለ አዋቂ ሰው አብሯቸው መተው አይገባም። ቡችላ ለመግዛት ያሰበም ስለ አባቱ ግዝፈት ከመጠየቁ በፊት ቡችላው ያለፉትን ሳምንታት የት፣ ከማን ጋር እንዳሳለፈ ቢጠይቅ ስለ ወደፊት ጠባዩ የበለጠ ያውቃል።