የትኛው ወንጌል ቀድሞ ተጻፈ?
ልጃችን በእራት ሰዓት ያነሣው ጥያቄ



ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጃችን ለዕረፍት ቤት በመጣ ሰሞን፣ እራት ላይ እያለን አባቱን እንዲህ ሲል ጠየቀው፦ «አባዬ፣ ማቴዎስና ሉቃስ ከማርቆስ ገልብጠው ነው የጻፉት ይባላል፤ እውነት ነው?» ባለቤቴ ፓስተር ነው። የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህን ዓይነቱን ነገር ከየት ነው የምትለቃቅመው? ቃሉን አንብብ እንጂ ስለ ቃሉ የሚወራውን አትከታተል!» አለው። ልጁ ዝም አለ። በማግስቱ በቤተሰብ ጸሎታችን ላይ የንባብ ተራው ሲደርስ «ዛሬ ሌላ ሰው ያንብብ» አለ።

እኔን ግን ከልጄ ዝምታ ይልቅ የራሴ ዝምታ አስጨነቀኝ። ይህንኑ ጥያቄ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬው ነበር። ያን ጊዜ ለሳምንታት መጸለይ ከብዶኝ ነበር፤ ሆኖም እጮኛዬ ለነበረው ለዛሬው ባለቤቴ አንድም ቀን አልነገርኩትም። የወንጌል አገልጋይ ሚስት የምትሆን ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ አታነሣም ብዬ በልቤ ቆለፍኩት። ያን ሌሊት የኮሌጅ ደብተሬን ፈልጌ አወጣሁ።

ጥያቄው ከምን መጣ?

ማቴዎስን፣ ማርቆስንና ሉቃስን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አንብቡ። በማርቆስ ካለው ነገር ዘጠና በመቶ ያህሉ በማቴዎስም አለ፤ ከግማሽ የሚበልጠው ደግሞ በሉቃስ ይገኛል። ተመሳሳይነቱ በታሪኩ ብቻ አያበቃም። የሽባውን ሰው ፈውስ እንውሰድ (ማቴ. 9፥6፤ ማር. 2፥10፤ ሉቃ. 5፥24)። ጌታ ኃጢአትን ለማስተስረይ ስላለው ሥልጣን ለጻፎች ሲናገር ንግግሩ በመካከል ይቋረጥና ወደ ሽባው ይዞራል። ሦስቱም ጸሐፊዎች ያቋረጡት እዚያው ቦታ ላይ ነው። ሁለት ምስክሮች አንድን ነገር አይተው ቃላቸው ሊመሳሰል ይችላል፤ ዓረፍተ ነገሩን እኩል አንድ ቦታ ላይ መስበራቸው ግን አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እንዳየ፣ ወይም ሁሉም ከአንድ ምንጭ እንደ ወሰዱ ያሳያል ይላሉ ብዙ ምሁራን።

ታዲያ የትኛው ቀደመ?

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረው የሂራፖሊስ ጳጳስ ፓፒያስ፣ ማርቆስ የጴጥሮስ አስተርጓሚ እንደ ነበርና የሰማውን በጥንቃቄ እንደ ጻፈ፣ ቅደም ተከተሉን ግን እንዳልጠበቀ መስክሯል። ይህን ምስክርነት ያቆየልን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ነው። በ400 ዓ.ም. አካባቢ አውግስጢኖስ ማቴዎስ ቀደመ፣ ማርቆስም ተከተለው አለ፤ ይህም አሳብ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ኖረ።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀርመናዊው ግሪስባክ ማርቆስን መጨረሻ ላይ አድርጎ ከማቴዎስና ከሉቃስ አሳጥሮ ጻፈ አለ። እ.ኤ.አ. በ1838 ቫይሰ፣ በ1863 ደግሞ ሆልትስማን ነገሩን ገልብጠው ማርቆስን አስቀደሙ። በማርቆስ የሌሉ፣ ማቴዎስና ሉቃስ ግን የሚጋሯቸው ትምህርቶች ደግሞ ከሌላ ምንጭ የመጡ ናቸው አሉ። አባታችን ሆይ የሚለው ጸሎት ከነዚህ አንዱ ነው (ማቴ. 6፤ ሉቃ. 11)። ምንጩ «ኪው» ተብሎ ይጠራል፤ ምንጭ ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል የተወሰደ ነው። የዚህ ጽሑፍ አንድም ቅጂ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህም እንግሊዛዊው ኦስቲን ፋረር እ.ኤ.አ. በ1955፣ ማርክ ጉዳከርም በ2002 ሉቃስ ማቴዎስን አንብቧል ካልን «ኪው» አያስፈልገንም ብለው ተከራክረዋል። አሜሪካዊው ዊልያም ፋርመር ደግሞ በ1964 የግሪስባክን አሳብ እንደገና አነሣው። ዛሬ አብዛኞቹ ምሁራን ማርቆስን ያስቀድማሉ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

ሉቃስ ራሱ ምን አለ?

ልጄን ያሰናከለው «ገልብጠው» የሚለው ቃል ነበር። በትምህርት ቤት የገለበጠ ተማሪ ይቀጣል። ሉቃስ ግን ገና ወንጌሉን ሲጀምር (ሉቃ. 1፥1-4) ከእርሱ በፊት ብዙዎች እንደ ጻፉ፣ ነገሩም ከዓይን ምስክሮች እንደ ተላለፈ፣ እርሱም ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትሎ እንደ ጻፈ በግልጽ ይነግረናል። የደበቀው ነገር የለም። ከሌሎች የተቀበሉትን ቃል ሳይለውጡ ማስተላለፍም በዚያ ዘመን ታማኝነት እንጂ ስርቆት አልነበረም። መንፈስ ቅዱስ ሉቃስን ሲጠቀምበት ጥያቄውንና ልፋቱን አላስጣለውም።

አባቶችም ይህን መመሳሰል አይተው አልፈሩም። አውሳብዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወንጌላትን ክፍሎች የሚያመሳክሩ አሥር ሠንጠረዦች አዘጋጀ። የመጀመሪያው በአራቱም ወንጌላት ያለውን፣ አሥረኛው በአንዱ ብቻ ያለውን ይዘረዝራል። እነዚህ ሠንጠረዦች በአገራችን በአድዋ አቅራቢያ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም በሚገኙት የግዕዝ ወንጌላት ፊት ለፊት በቀለም ተሥለው ይገኛሉ። ብራናዎቹ በካርቦን ተመርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተዘጋጁ ታውቋል። የወንጌላት መመሳሰልና መለያየት በምድራችን ለአዲስ ወሬነት የሚበቃ ነገር አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ይህን ጥናት ይዘው የጌታን ተአምራትና ትንሣኤ የሚክዱ ምሁራን አሉ። ነገር ግን የትኛው ቀድሞ ተጻፈ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ የተጻፈው እውነት ነው ወይ የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው መልስ ሁለተኛውን አይወስንም። ማርቆስን የሚያስቀድሙም፣ ማቴዎስን የሚያስቀድሙም የትንሣኤው አማኞች አሉ።

ማዕበሉ ወይስ ተግሣጹ?

በሦስተኛው ቀን ምሽት ለባለቤቴ ሁሉን ነገርኩት፤ የሃያ ዓመቱን ዝምታዬንም ጭምር። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። «እንደ ልጃችን እንዳትቆጣኝ ፈርቼ ነው» አልኩት።

ደብተሬ ላይ ስለ ማዕበሉ ታሪክ ጽፌ ነበርና አብረን ከፈትን። በማርቆስ ደቀ መዛሙርቱ ልንጠፋ ነው፣ አንተ ግን ግድ የለህም የሚል ወቀሳ ያቀርባሉ፤ በማቴዎስ ግን ያ ወቀሳ የአድነን ልመና ሆኗል። ምሁራን ማርቆስ ቀደመ የሚሉት እንዲህ ያለውን እያዩ ነው፤ ሻካራ ቃል ይለዝባል እንጂ የለዘበ ቃል ተመልሶ አይሻክርም ባይ ናቸው። ባለቤቴ ግን ሌላ ነገር አየ። በማቴዎስ (8፥26) ጌታ አስቀድሞ ገሠጻቸው፣ ከዚያም ማዕበሉን ጸጥ አደረገ። በማርቆስ (4፥39-40) ግን መጀመሪያ ማዕበሉን ጸጥ አደረገ፣ ተግሣጹ በኋላ መጣ። «እኔ ልጁን ማዕበሉ ውስጥ እያለ ነው የገሠጽኩት» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ልጃችንን ይቅርታ ጠየቀው። ዕረፍቱ እስኪያልቅም ሦስቱን ወንጌላት ዘርግተን ማታ ማታ አብረን አነበብን። ልጃችን ሁሉም ጥያቄው አልተመለሰለትም፤ እኛም ሁሉን አላወቅንም። ንባብ ሲደርሰው ግን ተራውን ለሌላ ሰው መስጠት ትቷል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ በልባችሁ ቆልፋችሁ የያዛችሁት ጥያቄ ካለ ዛሬ ማታ ለትዳር ጓደኛችሁ ንገሩ። ልጆቻችሁም ሲጠይቋችሁ መጀመሪያ አድምጧቸው። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።