ብንያም፦ ሁለት ስም የወጣለት ልጅ

ስልካችሁ ላይ ስንት ብንያም አለ? እኔ ጋ አራት አሉ። ትርጉሙን ስጠይቃቸው ሦስቱ «የቀኝ እጅ ልጅ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን ልጁ መጀመሪያ የወጣለት ስም ይሄ አልነበረም። (ኢኮኖሚክስ ተምረህ ስም መፈልፈል ምን አገባህ እንዳትሉኝ።)

ዘፍጥረት 35 ላይ ራሔል ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ምጥ ይጠናባታል። ልጁ ተወለደ፣ እሷ ግን ልትሞት ነው። ነፍሷ ስትወጣ «ቤንኦኒ» አለችው፤ አብዛኛውን ጊዜ «የሐዘኔ ልጅ» ተብሎ ይተረጎማል። አስቡት፤ ልጁ ስሙ በተጠራ ቁጥር የእናቱን ሞት ሊሰማ ነው። ያዕቆብ ግን ብንያም አለው።

ብዙዎቻችን «አባትየው የእናትየውን ስም ሻረው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ እንደዚያ አላነበውም። በዕብራይስጥ «ኦኒ» ሐዘን ብቻ ሳይሆን «ኃይሌ፣ ጉብዝናዬ» ተብሎም ይነበባል። ራሱ ያዕቆብ ዘፍጥረት 49 ላይ የበኩር ልጁን ሮቤልን «የጉብዝናዬ መጀመሪያ» ለማለት ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። በእኛ ቋንቋ ሰምና ወርቅ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የአይሁድ ሊቅ ናህማኒደስም ያዕቆብ የራሔልን ስም ወደ በጎ ፍቺው መለሰው ብሎ ያብራራል፤ ቀኝ እጅ የኃይል ምልክት ነውና። «ቀኝ አውለኝ» ብሎ ከቤት ለሚወጣ ሰው ይሄ ብዙ አይከብድም። እኛስ ሐዘን ያየ ቤት ውስጥ ለተወለደ ልጅ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ እንል የለ? የሞተውም አይረሳም፣ ልጁም ሐዘን ተብሎ አይጠራም።

ቃሉ ራሱ ሩቅ አይደለም። ቀኝ በዕብራይስጥ «ያሚን»፣ በግዕዝና በትግርኛ «የማን» ነው። ብንያምና የማነ የሚባሉ ጓደኞች ካሏችሁ በስም ዘመዳሞች ናቸው። ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ላዞረ ሰው ቀኙ ደቡብ ስለሆነ ቃሉ ደቡብንም ያመለክታል። ሶርያ ውስጥ ማሪ በተባለች ጥንታዊ ከተማ የተገኙ፣ 3,700 ዓመት ያለፋቸው የሸክላ ጽሑፎች ላይ «የደቡብ ልጆች» የሚል ተመሳሳይ ስም ያላቸው ጎሳዎች ይጠቀሳሉ።

እኔን ያሳቀኝ ግን መጽሐፈ መሳፍንት ነው። እነዚህ «የቀኝ እጅ ልጆች» ዝነኛ የሆኑት በግራ እጃቸው ነው! ሞዓባዊውን ንጉሥ ዔግሎምን የገደለው ብንያማዊው ናዖድ ግራኝ ነበር። ምዕራፍ 20 ላይ ደግሞ ድንጋይ ወንጭፈው ጠጉር እንኳ የማይስቱ 700 ግራኞች አሉ። ሁሉም ብንያማውያን።