የጦር ሜዳ ደብዳቤ ከየት ተላከ?

በሰላም ጊዜ የፖስታ ቤት ማኅተም ደብዳቤው የትና መቼ እንደተላከ ይናገራል። የጦርነት ጊዜ ማኅተም ግን ቀኑን ነግሮ ቦታውን ይደብቃል። ደብዳቤው በጠላት እጅ ቢወድቅ ጦሩ የሰፈረበት እንዳይታወቅ ሲባል የከተማው ስም ይወጣና በምትኩ ቁጥር ወይም ፊደል ይገባል። አንድ አሮጌ የወታደር ደብዳቤ ከየት እንደተነሳ ማወቅ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የታሪክ አጥኚዎችና ቴምብር ሰብሳቢዎች ብቻ ሳይሆኑ፣ የሄደበት ሳይታወቅ የቀረ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦችም ይደክሙበታል።

ድብቅነቱ ከመጀመሪያው አልነበረም። የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1795 ተራ ወታደሮችና መርከበኞች ደብዳቤ በአንድ ፔኒ እንዲልኩ ሲፈቅድ፣ አዛዡ ፖስታው ላይ ስሙን እንዲፈርምና የክፍሉን ስም እንዲጽፍ አዘዘ። የዚያ ዘመን ደብዳቤ መነሻውን በግንባሩ ይዞ ይሄድ ነበር ማለት ነው። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ በ1854 የፖስታ ሠራተኞች ከለንደን ጦሩን ተከትለው ሄዱ፤ በ1882 ደግሞ ለግብፅ ዘመቻ ራሱን የቻለ የጦር ፖስታ ክፍል ተቋቋመ። ነገሩን ሁሉ የለወጠው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ለንደን ሬጀንትስ ፓርክ ውስጥ ከእንጨት የተሠራው ግዙፍ የመለያ ጣቢያ ሥራው በበዛበት ወቅት በሳምንት 12 ሚሊዮን ያህል ደብዳቤዎችን ያስተናግድ ነበር፤ ከሠራተኞቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ይህን ያህል ደብዳቤ ያለ ቁጥር መለየት አይቻልም፤ የቦታ ስም መጻፍም ለጠላት ካርታ መስጠት ይሆናል።

በዚያ ጦርነት የተላከ የብሪታንያ ወታደር ፖስታ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው «በዘመቻ ላይ» የሚለውን የሚተኩት ኦ ኤ ኤስ የሚሉ ፊደላት ናቸው፤ ወታደሩ ቴምብር ሳይገዛ ይልክ ነበርና። ሁለተኛው የጦር ሜዳ ፖስታ ቤቱ ክብ ማኅተም ሲሆን በላዩ ቀንና ቁጥር እንጂ አገር የለም። ሦስተኛው የሳንሱር ማኅተም ነው። የሳንሱሩ ማኅተም ቅርጽ በየጊዜው ይቀየር ነበር፤ መጀመሪያ ክብ ነበር፣ ቀጥሎ ካሬ፣ ከዚያ ሦስት ማዕዘን ሆነ። ስለዚህ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ቢደበዝዝ እንኳ ቅርጹ ብቻውን ዘመኑን ያጠባል። ከሁሉ የሚበልጠው ፍንጭ ግን ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነው፤ ከፖስታው ጥግ ላይ የሚገኘው የመኮንኑ ፊርማ። የወታደሩን ደብዳቤ መርምሮ የሚያሳልፈው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ክፍል መኮንን ስለነበር፣ ስሙ ከተነበበ በታተመው የመኮንኖች ዝርዝር ውስጥ ተፈልጎ ክፍሉ ይታወቃል።

ክፍሉ ከታወቀ በኋላ ሥራው ወደ ቤተ መዛግብት ይሄዳል። የጦር ሜዳ ፖስታ ቤት ከብርጌዱ ወይም ከክፍለ ጦሩ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ዛሬ አንድ መንደር፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ። ማኅተሙ ላይ ያለው ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው ከቀኑ ጋር ሲነበብ ብቻ ነው። ለንደን ኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ደብሊው ኦ 95 በሚባለው የመዝገብ ምድብ፣ የዚያ ጦርነት የዕለት ውሎ መዝገቦች ተቀምጠዋል። በእነዚህ ላይ እያንዳንዱ ክፍል በየቀኑ የት እንዳደረ ተጽፏል። ፖስታው ላይ የተደበቀው የመንደር ስም በመጨረሻ የሚገኘው እዚያ ነው።

ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሚስጥሩን ከዚህም አጠበቁት። ፌልድፖስት የተባለው አገልግሎታቸው ለየክፍሉ አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር ሰጠ፤ ከቁጥሩ ኋላ የሚገቡ ፊደላት መምሪያውንና ሻምበሎቹን ይለያሉ። ቁጥሩ የቦታ ምልክት አይደለም፤ ክፍሉ ከፈረንሳይ ወደ ሩሲያ ቢዛወርም ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። ክፍሉ ሲፈርስ ወይም ሲደመሰስ ግን ቁጥሩ ይሰረዛል፣ አልፎ አልፎም ለሌላ ክፍል ይሰጣል። ያንኑ ቁጥር የያዙ ሁለት ፖስታዎች ፈጽሞ ከማይተዋወቁ ሁለት ክፍሎች ሊመጡ የሚችሉት ለዚህ ነው፤ ቀኑን ሳያዩ በቁጥር ዝርዝር ብቻ መመራት ያሳስታል። ስታሊንግራድ ላይ የጀርመን ስድስተኛው ጦር እ.ኤ.አ. በ1943 መጀመሪያ ሲደመሰስ ከቤት የተላኩ ደብዳቤዎች «ወደ ላኪው ይመለስ፤ አዲስ አድራሻ ይጠበቅ» የሚል ምልክት ተመትቶባቸው ለቤተሰብ ተመለሱ። አዲሱን አድራሻ ለማየት ያልታደሉ ብዙ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ቀይ መስቀል የጠፉትን ሲፈልግ ያ የፖስታ ቁጥር ትልቅ መመሪያ ሆነው፤ በአንድ ወቅት አንድ ቁጥር የነበራቸው ሰዎች አንድ ላይ የነበሩ ናቸውና፣ ከሞት የተረፈው ስለ ጠፋው ሊጠየቅ ይችል ነበር። ሚስጥር ለመጠበቅ የተሠራው ቁጥር ሰው ለመፈለጊያ መዋሉ በዚህ ዘርፍ ከሚገኙት ጥቅሞች ሁሉ ይልቃል።

የአሜሪካኖቹ ኤ ፒ ኦ (የጦር ፖስታ ቤት) የሚባለው አሠራር በዚያ ጦርነት ይበልጥ ግልጽ ነበር። አድራሻው ላይ ኒው ዮርክ ከተጻፈ ወታደሩ በአትላንቲክ ማዶ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተጻፈ በፓስፊክ በኩል ነበር። ከትንንሾቹ ቁጥሮች ብዙዎቹ ደግሞ የእግረኛ ክፍለ ጦሩ ቁጥር ራሱ ነበሩ።

የኢትዮጵያ ምድርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። የፋሺስት ኢጣሊያ ወራሪ ጦር «ፖስታ ሚሊታሬ» የሚልና ቁጥር ያለበት ማኅተም ይጠቀም ነበር። በ1933 ዓ.ም. የነፃነት ዘመቻ ጊዜ ከአርበኞች ጎን ከሰሜንና ከደቡብ የገቡት የብሪታንያ፣ የሕንድ፣ የደቡብ አፍሪካና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ግን አንድ ዓይነት ማኅተም አልነበራቸውም። ሕንዶቹ የራሳቸውን የጦር ሜዳ ፖስታ ቤት ቁጥሮች ይዘው መጡ፤ የደቡብ አፍሪካው ማኅተም የእንግሊዝኛና የአፍሪካንስ ምህፃረ ቃላትን ጎን ለጎን ይዟል። አምባላጌ ላይ በግንቦት 1933 ዓ.ም. አምስተኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ከሰሜን፣ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከደቡብ መጥተው የኢጣሊያ ጦር አዛዥ የነበረውን የአኦስታውን መስፍን እጅ አሰጡ። በዚያ ሳምንት ከአንዱ ተራራ ግርጌ የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች የሁለት አገር ማኅተም ሊኖራቸው ይችላል። ማኅተሙ ለአጥኚው በቅድሚያ የሚነግረው ጸሐፊው በማን ሠራዊት ውስጥ እንደነበረ ነው፤ ቦታው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የገባው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። የክፍለ ጦሩ የፖስታ ቁጥርም 7 ነበርና የዘማቾቹን ደብዳቤ መነሻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥሩ መጀመሪያ ነው። እዚህ ላይ ግን የውጭ አገር አጥኚን የሚያሳስት ነገር አለ። ዘማቹ ደብዳቤው ውስጥ የሚጽፈው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፣ ፖስታው ላይ የሚመታው በአውሮፓውያን። ሁለቱን ያላስታረቀ ሰው ደብዳቤው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የዘገየ ይመስለዋል። ተመሳሳይ ችግር በአሜሪካኖችና በእንግሊዞች መካከልም አለ፤ አሜሪካዊው ወሩን፣ እንግሊዛዊው ቀኑን ያስቀድማልና 4/5/44 ለአንዱ ሚያዝያ፣ ለሌላው ግንቦት ነው።

የተጭበረበረ ፖስታም ገበያውን ሞልቶታል። ከጦርነት በኋላ እውነተኛ ማኅተሞች በግለሰቦች እጅ ገብተው ባዶ ፖስታ ላይ ተመትተዋል፤ የማኅተሙ እውነተኛነት ብቻውን ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው። ጠንቃቃ አጥኚ የማኅተሙን ጠርዝ ያያል፤ የብረት ወይም የጎማ ማኅተም እያረጀ ሲሄድ ስንጥቁ እየሰፋ ይመጣልና፣ እ.ኤ.አ. የ1915 ስንጥቅ በ1914 ፖስታ ላይ ከታየ ነገሩ ሐሰት ነው። ቀኑ፣ የክፍሉ ቁጥር፣ የሳንሱሩ ዓይነት፣ የመኮንኑ ፊርማና የውሎ መዝገቡ፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀዳ አንድ ቦታ ሲያመለክቱ ብቻ መነሻው ተገኘ ይባላል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢጎድል ግምት ነው፤ ግምት መሆኑም መጻፍ አለበት።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት የሚደርሰው ቤት ውስጥ ነው። ደብዳቤው ተቀምጦ ፖስታው ይጣላል፣ ወይም ቴምብሩ ተቆርጦ ይወሰዳል፤ ማኅተሙም አብሮ ይሄዳል። በኮሪያና በኮንጎ የዘመቱ አባቶች ያሏቸው ቤተሰቦች ደብዳቤውን ከነፖስታው አንድ ላይ ሊያኖሩ፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ሊያነሱ፣ ከየትኛው ሻለቃ እንደሆነም ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ሊጽፉ ይገባል።