ዝም ያለው ተማሪ

አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እነዚሁ አበው «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» ማለታቸውንም አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። እኛ ግን ዩኒቨርሲቲ ሳለን የፊተኛውን ተረት ብቻ ይዘን ኖርን፤ ያስከፈለንንም ዛሬ እንናገራለን።

በሦስተኛው ዓመት አምስት ሆነን የሽንኩርት ማከማቻ ንድፍ እንድናወጣ ታዘዝን። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተናገርነው እኛ ነን። ከመካከላችን አንዱ አንገቱን ደፍቶ በደብተሩ ኅዳግ ላይ ይሞነጫጭር ነበርና እንደ ሰነፍ ቆጠርነው። ንድፋችን ሲመለስ መምህራችን በቀይ ቀለም «አየሩ በየት ይገባል?» ብለው ጽፈውበታል። ኋላ ለፈተና የዚያን ልጅ ደብተር ተውሰን ብንገልጠው፥ ነፋስ ከወለሉ ሥር ገብቶ በጣሪያው የሚወጣበትን ማከማቻ ሥሎ አገኘን። «ለምን አልነገርኸንም?» ብንለው፥ «መቼ ዝም ብላችሁ?» አለን።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሰውን ጠባይ በአምስት ዐበይት ወገን ይመድቡታል፤ ይኸውም ለአዲስ ነገር ልብን መክፈት፥ ትጋት፥ ከሰው ጋራ መጫወትን መውደድ፥ ተስማሚነትና ጭንቀትን ማብዛት ነው። አርተር ፖሮፓት የተባሉ በአውስትራሊያ የሚኖሩ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጽሑፍ ከ70 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያቀፉ ጥናቶችን አንድ ላይ ቢመረምሩ፥ ከአምስቱ መካከል ከትምህርት ውጤት ጋራ አጥብቆ የተያያዘው ትጋት ሆነ። አዲስ ሐሳብ ከማፍለቅ ጋራ ደግሞ ይበልጡን አብሮ የሚገኘው ልብን መክፈት ነው። እንግዲህ ጨዋታ መውደድ ብቻውን ለውጤትም ለፈጠራም ዋስትና አይሆንም ማለት ነው።

አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎችን መርምረው፥ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፥ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች መናገር መጀመራቸውን ገለጹ። ይህ ትዕግሥት ለዩኒቨርሲቲም የሚጠቅም ይመስለናል። የቡድን ሥራ ሲታዘዝ፥ ከመነጋገር በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ሐሳቡን በወረቀት ቢያሰፍር ምንም ወጪ አያስከትልም።

ዝምተኛውም ተማሪ ቢሆን ድርሻ አለበት፤ በደብተር ውስጥ የቀረ ንድፍ የማንንም ገበሬ ሽንኩርት ከመበስበስ አያድንም። እኛም ተናጋሪዎቹ፥ ከተናገርን በኋላ ጥቂት ጊዜ ዝም ብለን «አንተስ ምን ትላለህ?» ማለትን እንልመድ። ያን ቀን ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ፥ የአየሩን መግቢያ ከቀዩ ቀለም በፊት ባገኘነው ነበር።