ጎተራ የማይገባው ምርት

ጎተራ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቶሎ የሚታወሰው የመንገድ ማሳለጫውና ኮንዶሚኒየሙ ነው። ለሰፈሩ ስም የሰጠው ግን የእህል ማከማቻ ነው። ጤፍም ሆነ ስንዴ ጎተራ የሚገባው ደርቆ ነው፤ እርጥበቱ ወደ 13 ከመቶ ዝቅ ካለና ነቀዝ ካልደረሰበት ዓመት ይከርማል። ድንች ግን 80 ከመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ከመሬት ወጥቶም ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ውሃውን ያጣል፣ ጊዜው ሲደርስ ያጎነቁላል። እንደ እህል ቢታሸግ ታፍኖ ይበሰብሳል። ድንች ማቆየት ማለት ይህን ሕይወት ማዘግየት ነው፤ ጥበቡም የሚጀምረው ገና ድንቹ ሳይቆፈር ነው።

የድንች አገሩ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ1858 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ በጎጃም፣ በአዊና በሸዋ ደጋ ብዙ ቤተሰብ የሚመገበው እሱን ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ጃለኔን፣ ጉደኔንና በለጠን የመሳሰሉ ዝርያዎች ለገበሬው አድርሷል። በከተማም ጥቂት ጓሮ ያለው ሰው በመደብ፣ የሌለው ደግሞ አፈር በሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ይተክለዋል።

በክረምት መግቢያ የተተከለ ድንች በመስከረምና በጥቅምት ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ያን ጊዜ ግንዱን ከአፈሩ አፍ ላይ አጭዶ ድንቹን ከ10 እስከ 15 ቀን መሬት ውስጥ መተው ያስፈልጋል፤ ልጣጩ የሚጠነክረው በእነዚህ ቀናት ነው። አንዱን አውጥቶ በአውራ ጣት ማሸት በቂ ፈተና ነው፤ ልጣጩ ከተገፈፈ ገና ነው። የሚቆፈረው አፈሩ በጠፈፈበት ቀን፣ መቆፈሪያውን ከተክሉ ራቅ አድርጎ ነው። ድንቹ አይታጠብም። የተወጋውና የተላጠው ተለይቶ ቀድሞ ይበላል። ቀሪው ነፋስ በሚገባበት ጨለማ ቦታ ሳስቶ ይሰጣል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቃቅን ቁስሎቹ ይጠግጋሉ።

ብዙ ገበሬ ደግሞ ድንቹን ሳያወጣ መሬት ውስጥ ያቆየዋል፣ እንደ ፍላጎቱም እየቆፈረ ይበላል፣ ይሸጣል። አውሮፓውያንም የካሮት ዘመድ የሆነውን ፓርስኒፕ የሚባል ነጭ ሥር በብርዱ ወራት ከአፈር አያወጡትም፤ ውርጭ ሲመታው ስታርቹ ወደ ስኳር ተለውጦ ይጣፍጣል። ድንች ላይ ይኸው ለውጥ ጉዳት ነው። ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ድንች ጣፋጭ ጣዕም ያመጣል፣ ሲጠበስም ይጠቁራል። መሬት ውስጥ የቆየውም የድንች የእሳት እራት፣ ጉንዳንና ያለጊዜው የሚጥል ዝናብ ያገኙታል። ስለዚህ የተሰነጠቀውን አፈር ደጋግሞ መኮትኮትና ድንቹን መሸፈን ግድ ነው፤ ሲቆይም ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የምግብ ድንች ጨለማ፣ መጠነኛ ቅዝቃዜና አየር ይፈልጋል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ወይም ቅርጫት ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ተደርጎ፣ ጆንያ ጣል ተደርጎበት ቢቀመጥ ይበቃል። ፌስታል ያላበዋል። በየሳምንቱ እየፈተሹ የበሰበሰውን ማውጣት ሌላውን ያድናል። ብርሃን ያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ ከአረንጓዴው ጋር ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝ ይበዛል፤ መቀቀልም አያጠፋውም።

በብርሃን ረገድ ግን ለዘር የሚሆነው ድንች የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። በጨለማ የከረመ ዘር ረጅም፣ ነጭና ተሰባሪ ጉንቁል ያወጣል። ቀጥተኛ ፀሐይ ሳያገኘው ብርሃን ሲደርሰው ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። መቀመጫው ፔሩ የሆነው ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከልና የአገራችን ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት የዘር ማከማቻ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፦ የባሕር ዛፍ ወይም የቀርከሃ መደርደሪያ፣ የሣር ክዳን፣ አየርና ብርሃን የሚያስገባ ግድግዳ። ዘሩ በየመደርደሪያው ሳስቶ ይደረደርና እስከሚቀጥለው ተከላ ለወራት ይቆያል።

ድንችን እንደ እህል የሚያከማቹም አሉ። የአንዲስ ደገኞች ድንቹን በሌሊት ውርጭ ያስመቱታል፣ በእግራቸው ረግጠው ውሃውን ያወጡታል፣ በፀሐይም ያደርቁታል። ቹኞ የሚሉት ይህ ድንች ለዓመታት አይበላሽም።

የእኛ ገበሬ ድንቹን ለሁለት ወር እንኳ በደህና ማቆየት ቢችል፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን ቆፍሮ ገበያው ሲጥለቀለቅ በወረደ ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም፤ በተከላ ወቅትም የራሱን ዘር በውድ መልሶ አይገዛም። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ድንቹን እስከ ቁፋሮው ቀን ድረስ ብቻ ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት የማከማቻ ነውና፣ መደርደሪያው ከማረሻው እኩል የእርሻ መሣሪያ ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል።