«ወላድ» ስንል ምን ማለታችን ነው?
በቤት እንስሳት የውርስ ጥናት ውስጥ ስለሚገኙ ጥቂት ቃላት

ስለ እንስሳት እርባታ የተጻፈ የሳይንስ ጽሑፍ ወደ ዐማርኛ ሲመለስ፣ ተርጓሚውን አብዝተው የሚያሳስቱት እንግዳ ቃላት አይደሉም። «ጂን» እና «ክሮሞዞም» እንዳሉ ይወሰዳሉ፤ አለዚያም «በራሂ» እና «ሐብለ በራሂ» በሚሉት ስያሜዎች ይተካሉ። በሁለቱም መንገድ አንባቢው አዲስ ነገር እንደ ቀረበለት ያውቃልና ፍቺውን ይጠይቃል። የሚያሳስቱት ይልቁንም ከበረት የመጡት፣ ሁላችንም የምናውቃቸው ቃላት ናቸው፤ «ወላድ»፣ «መካን»፣ «መንታ»። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ቃላት በሳይንሱ ዘንድ እንዴት ሊለዩ እንደሚገባ፣ ሳይለዩ ቢቀሩም ምን ጉዳት እንደሚከተል ለማስረዳት ይሞክራል።

፩. ቃሉ በቋንቋችን

«ወለደ» ከሚለው ግሥ ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች ይወጣሉ፤ «ወላጅ» እና «ወላድ»። «ወላጅ» የሚባለው ከልጁ አንጻር ነው፤ አንድ ጊዜ የወለደም ወላጅ ነው። «ወላድ» ግን የባለቤቲቱን ጠባይ ይናገራል። ወላድ ላም ስንል መውለድ የማታቋርጥ፣ በየጊዜው ጥጃ የምታስከትል ማለታችን ነው። ስለዚህ በቃሉ ውስጥ ያለው ፍሬ ነገር መደጋገም ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚወለድ ቃሉ አይናገርም። ከዚህም ጋር ቃሉ ምስጋና አለበት፤ ተቃራኒው «መካን» ደግሞ ነቀፌታ አለበት። ከብት አርቢው ሳትወልድ ሰብታ የቀረችውን ላም «መሲና» ብሎ ለብቻዋ መሰየሙ፣ ቋንቋው በዚህ ረገድ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደ ነበረ ያሳያል።

፪. ሳይንሱ የሚለያቸው ነገሮች

የእንስሳት የውርስ ጥናት በዚህ በአንድ ቃል ሥር ቢያንስ አራት ነገሮችን ለያይቶ ይለካል። እነርሱም፦

ሀ) ሴቷ በተጠቃች ጊዜ ፅንስ መያዝ መቻሏ፤
ለ) በአንድ የርቢ ዑደት የምትለቃቸው እንቁላሎች ብዛት፤
ሐ) በአንድ ወሊድ የሚገኙት ግልገሎች ብዛት፤
መ) በዕድሜዋ ሙሉ ያፈራቻቸው ልጆች ድምር ናቸው።

አራቱ የተያያዙ ቢሆኑም አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ሁልጊዜ አብሮት ከፍ አይልም። ይህንንም በሁለት የታወቁ ምሳሌዎች ማየት ይቻላል።

፫. ቡሩላ እና ኢንቨርዴል

በአውስትራልያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ቡሩላ በተባለ የእርባታ ስፍራ የነበሩ የሜሪኖ በጎች በአንድ ወሊድ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ግልገል በመውለዳቸው ታወቁ። ለዚህ ጠባይ ምክንያቱ አንድ ጂን እንደ ሆነ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ተገለጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ለውጡ ያለበት ትክክለኛ ቦታ ታወቀ። ጂኑ የመጣው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከሕንድ፣ ከቤንጋል በመርከብ ከተጫኑ ትንንሽ በጎች እንደ ሆነ ይታመናል። የጂኑን አንድ ቅጂ የወረሰች በግ በአንድ ዑደት አንድ ተኩል ያህል፣ ሁለት ቅጂ የወረሰች ደግሞ ሦስት ያህል ተጨማሪ እንቁላል ትለቃለች። የሚወለዱት ግልገሎች ጭማሪ ግን ከዚህ ያነሰ ነው፤ ከፅንሶቹ የሚጠፉ አሉና። ስለዚህ ጂኑ በቀጥታ የሚሠራው በ«ለ» ላይ ነው፤ «ሐ» የሚደርሰው ትርፉ ብቻ ነው። እናቲቱም ያላት ጡት ሁለት ነው፤ አራት ግልገል በደህና ማሳደግ ለእርሷም ለአርቢውም ከባድ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በኒውዚላንድ የሮምኒ በጎች የተገኘው ኢንቨርዴል የተባለው ለውጥ ነው። ይህ ጂን የሚገኘው ኤክስ በተባለው የጾታ ክሮሞዞም ላይ ነው። አንድ ቅጂ ያላት በግ ብዙ እንቁላል ትለቃለች፤ ሁለት ቅጂ ያላት ግን እንቁላል አፍላቂ ዕጢዋ ሳያድግ ይቀርና ፈጽሞ አትፀንስም። አውራው በግ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ስለሆነ ጂኑን ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያስተላልፋል፤ ለወንዶቹ አያስተላልፍም።

የሁለቱም ጂኖች ዓለም አቀፍ ምልክት «ፌክ» በሚል ቅጽል ይጀምራል፤ ቅጽሉም የመጣው ብዙ ማፍራትን ከሚያመለክት ቃል ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም «የወላድነት ጂን» ብሎ ቢያልፍ ምን ይሆናል? አንባቢው ስሙን አምኖ የኢንቨርዴልን አውራ ከገዛ ሴት ልጆቹ ጋር ቢያራባ፣ ከሚወለዱት ሴቶች ግማሽ ያህሉ መካን ይሆናሉ። «ወላድነት» የሚል ስም የተሰጠው ጂን መካንነትን አመጣ ማለት ነው። ጥፋቱ የጂኑ አይደለም፤ የስያሜው ነው።

፬. «ወራሽነት» ወይስ «ተወራሽነት»?

ሌላው አሳሳች ነገር የውርስን ድርሻ የሚለካው ቁጥር ነው። በበጎች ዘንድ የአንድ ወሊድ ግልገል ብዛት ይህ ልኬት 0.10 ገደማ ነው። ይህ ማለት ከዐሥር መንታ አንዱ በውርስ መጣ ማለት አይደለም። በመንጋው ውስጥ በበግና በበግ መካከል ከሚታየው ልዩነት አንድ ዐሥረኛ ያህሉ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፍ የዘር ልዩነት የመጣ ነው ማለት ነው። የሚለካውም የመንጋ ልዩነት እንጂ የአንዲት በግ ጠባይ አይደለም። ስለዚህ አንዲት በግ አንድ ጊዜ መንታ ስለ ወለደች ሴት ልጆቿም መንታ ይወልዳሉ ብሎ መምረጥ ብዙ አያስኬድም፤ የእርሷን፣ የእናቷንና የእኅቶቿን የብዙ ወሊድ መዝገብ ማየት ያስፈልጋል።

ይህን ልኬት «ወራሽነት» ማለት የሰዋስው ስሕተት ነው። «ወራሽ» የሚቀበለው ነው፤ እዚህ የሚለካው ግን የሚተላለፈው ጠባይ ነው። ስለዚህ በተገብሮው ቅርጽ «ተወራሽነት» ማለት ይሻላል።

፭. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በተገለጠው መሠረት ለ«ሀ» «ፀናሽነት»፣ ለ«ለ» «የእንቁላል ብዛት»፣ ለ«ሐ» «የአንድ ወሊድ ግልገል ብዛት» የሚሉትን እናቀርባለን፤ «ወላድነት» ለ«መ» ብቻ ቢጠበቅ ከቃሉ የቆየ ፍቺ ጋር ይስማማል። «መንታ» ለሁለት ብቻ ይሁን። ጂኑንም በተገኘበት ስም፣ «የቡሩላ ጂን»፣ «የኢንቨርዴል ጂን» ብሎ መጥራቱ ይመረጣል።

ጉዳዩ ከአገራችን የራቀ አይደለም። የሆሮ በግ መንታ በመውለድ የታወቀ ነው፤ የመንዝ በግ ግን በአብዛኛው የሚወልደው አንድ ነው፤ መኖ በሚያጥርበት ደጋም አንድ ግልገል በደህና ማሳደግ ጸጋ ነው። የመንዙን በግ «ወላድ አይደለም» የሚል ትርጕም በየዓመቱ ሳታቋርጥ የምትወልደውን እናት ይበድላል፤ አርቢውንም የማይጠቅመውን እንዲመኝ ያደርገዋል።